ሁለቱ ወንድሞቼ በሃይማኖት ተጣሉ ይባላል፤ እኔ ግን ጠቡ ከዚያ በፊት የነበረ ይመስለኛል

የሸዋ በሯ (ክሩን የከፈተች)፦

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። ጉዳዩ የቤት ገመና በመሆኑ በአደባባይ ለመጻፍ አመንትቼ ነበር፤ ነገር ግን ደሴ ውስጥ የምናውቃቸው ሽማግሌዎች በሙሉ ወይ የአባቴ ወዳጆች ወይ የታላቅ ወንድሜ ደንበኞች ስለሆኑ፣ ነገሩን ከውጭ ሆኖ የሚያይልኝ ሰው ፈለግሁ።

ሦስት ልጆች ነን፤ ሁለቱ ወንዶች ይቀድሙኛል። አባታችን ጨርቅ ሲነግድ የኖረ፣ ሐሙስ ማታ ወዳጃ (ቡናና ጫት ቀርቦ በጋራ ዱዓ የሚደረግበት ስብሰባ) ሳይቀመጥ የማያድር የድሮ ሰው ነው። እናታችን የአምባሰል ክርስቲያን ልጅ ነበረች፤ አባቴን ስታገባ ሰለመች። ዘመዶቿ ግን እስከ ዛሬ ክርስቲያን ናቸው፤ ለበዓልም ለለቅሶም ሲመጡ የራሳቸው ድስት ተጥዶ፣ የራሳቸው ሥጋ ተባርኮ፣ በእኛው ግቢ በልተው ጠጥተው ይመለሱ ነበር። ይህን ማንም እንደ ችግር ሲያነሣው አልሰማሁም።

ታላቁ ወንድሜ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ ከአባቴ ጋር ሱቅ ቆመ። ሁለተኛው ጡት ከጣለ ጀምሮ አምባሰል ለአያታችን ተሰጥቶ አድጎ፣ ለትምህርት ሲደርስ ነው ወደ ደሴ የመጣው። ዩኒቨርሲቲ ጨረሰ፤ አዲስ አበባ ሥራ ያዘ፤ እዚያው ክርስትና ተነሣ። ከዚያ ወዲህ የተለወጠው እሱ ብቻ አይደለም። ከአባቴ ጎን ተቀምጦ ቡናውንም ጫቱንም ዱዓውንም ሲካፈል የኖረው ታላቁ ወንድሜ፣ ወዳጃ በዲን ውስጥ መሠረት የሌለው ነገር ነው ማለት ጀመረ፤ ለመውሊድ ወደ ጀማ ንጉሥ መስጊድ መሄዱን ተወ፤ አባቴ ዱዓ ሲያደርግ ተነሥቶ ይወጣል።

እናታችን ከሕመሟ ስትነሣ ሰደቃ አወጣን። ቀኑ ረቡዕ ነበርና ለሁለተኛው ልጇ ሽሮ በዘይት በትንሽ ድስት ለብቻ ጣደች። ታላቁ ወንድሜ ማድ ቤት ገብቶ አየና «በአባቴ ቤት ሁለት ድስት አይጣድም» ብሎ ድስቱን ከምድጃው አወረደው። ሁለተኛው ምንም አልመለሰም፤ በሸሚዙ ውስጥ ይዞት የነበረውን ማዕተብ አውጥቶ ከሸሚዙ በላይ አደረገውና ልክ እንደዚያው ሆኖ ከእንግዶቹ መካከል ተቀመጠ። እናቴ ሽሮውን መልሳ አልጣደችውም።

አሁን አባታችን ስለደከመ ቤቱንና ሱቁን በሕይወት እያለ መልክ ሊያስይዝ ይፈልጋል። ታላቁ «ከዲን የወጣ ሰው አይወርስም፤ ደግሞስ የአባቴን ጀናዛ የምሰግደው እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» ይላል። ሁለተኛው ጠበቃ ይዟል። ወደ ሽማግሌ ልሂድ ወይስ ነገሩን ለፍርድ ቤት ልተወው?

የጦሳ ሥር፦

እህቴ፣ የወሎ ቤት ድሮም እንዲህ አልነበረም እንዴ? ግማሹ ለጁምዓ፣ ግማሹ ለቅዳሴ ወጥቶ ማታ በአንድ መሶብ ይገናኛል። ሁለቱንም እልህ ይዟቸው ነው፤ ሲሰክኑ ይተዉታል። አባታችሁ ጠርቶ ይቆጣቸው፤ የአባት እርግማን የሚፈራ ልጅ ዛሬም አልጠፋም።

ጡረተኛው መምህር፦

ልጄ፣ በደሴ ታሪክ ሳስተምር የኖርሁ ሰው ነኝና ወደ ኋላ ብሄድ ቅር አይበልሽ። በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ወጣ ብሎ በሚገኘው ቦሩ ሜዳ በተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ ወቅት፣ ለወሎ ገዥነት ሲፎካከሩ የኖሩት ኢማም መሐመድ ዓሊና ኢማም አመዴ ሊበን ወይም አባ ዋጠው ሁለቱም ተጠመቁ። መሐመድ ዓሊን ዐፄ ዮሐንስ ክርስትና አንሥተው ሚካኤል አሏቸው፤ አባ ዋጠውን ንጉሥ ምኒልክ አንሥተው ኃይለ ማርያም አሏቸው። ሁለቱ ተፎካካሪዎች በአንድ ሰሞን ወደ አንድ ሃይማኖት ሲገቡ እንኳ የተጠጉት በዚያው ዓመት ገና ወደ ታረቁ ሁለት የተለያዩ ነገሥታት ነበር። ፉክክሩ ከጥምቀቱ በፊት የነበረ ስለሆነ ጥምቀቱ ሊያጠፋው አልቻለም። የወንድሞችሽንም ነገር ሳየው ሃይማኖቱን ከመመርመራችሁ በፊት ሱቁንና ትምህርት ቤቱን ብትመረምሩ እላለሁ፤ አንዱ ከስምንተኛ ክፍል የወጣው ሌላው እንዲማር ነው ወይስ በራሱ ፈቃድ?

ለጦሳ ሥር ደግሞ፣ ያ በአንድ መሶብ የምንለው ነገር ሥርዓት የነበረው መሆኑን አትርሳ። ያው መሐመድ ዓሊ የነበሩት ንጉሥ ሚካኤል እዚሁ ደሴ በአይጠየፍ አዳራሽ ግብር ሲያበሉ ለሁለቱም ወገን በየሥጋው ይቀርብ እንደነበር አባቶቻችን ይነግሩን ነበር። አንድ ግቢ እንጂ አንድ ድስት አልነበረም። ስለዚህ የዚህች ልጅ ታላቅ ወንድም ድስቱን ሲያወርድ የጣሰው የአባቱን ቤት ደንብ ነው።

ከወረባቦ፦

መምህር፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ ሆኖ፣ የቦሩ ሜዳን ነገር እንደ ቤተሰብ ፉክክር ብቻ ማቅረብዎ አልተመቸኝም። በዚያ ዘመን ወሎ ውስጥ ጥምቀቱ የመጣው ከንጉሥ ትእዛዝ ጋር ነው፤ አንጠመቅም ያሉ ተሰድደዋል፤ እንደ ሸኽ ጦልሃ ጃዕፈር ያሉት ደግሞ ሕዝብ አስከትለው ተነሥተዋል። በእኛ አካባቢ ይህ በየቤቱ የሚወራ ነገር ነው። ታላቁ ወንድም ወንድሙ ሲጠመቅ ያ ሁሉ ወሬ አብሮ የመጣበት ከሆነ፣ ድንጋጤው ከቅናት ብቻ የመጣ አይደለም። ለጠያቂዋ የምለው፣ ታላቅሽ የፈራውን ነገር እንደ ተራ እልህ አትቁጠሪው።

ጡረተኛው መምህር፦

ትክክል ነዎት፤ በግዴታ የሆነውንና በራስ ፈቃድ የሆነውን አንድ ላይ ማስቀመጥ አይገባም። ያነሣሁት ሰዎቹ ሃይማኖታቸውን ቢለውጡም የቆየ ፉክክራቸው አብሯቸው መጓዙን ለማሳየት ብቻ ነው።

አማካሪዋ ከኮምቦልቻ፦

በምክር አገልግሎት ሥራዬ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች ይመጡብኛል፤ ስለዚህ አንድ ነገር ላክል። በቪየና ይሠራ የነበረው ሐኪም አልፍሬድ አድለር የበኩር ልጅ ታናሹ ሲወለድ ከዙፋን እንደ ወረደ ንጉሥ ይሰማዋል ይል ነበር። የአድለር የልደት ቅደም ተከተል ሐሳብ በኋላ በተደረጉ ምርምሮች ብዙ ተተችቷልና ሙሉ በሙሉ አልደገፍበትም። ለእናንተ ቤት የበለጠ የሚስማማው ፍራንሲስ ሻክተር የተባለች ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በ1976 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ነው። በጥናቱ መሠረት ተከታትለው የተወለዱ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ልጆች፣ በተለይም ሁለቱም ወንድ ወይም ሁለቱም ሴት ሲሆኑ፣ «እኔ እንደ እሱ አይደለሁም» ማለት ይበዛባቸዋል። አንዱ በትምህርት ከታወቀ ሌላው በሙያ ወይም በጨዋታ መታወቅን ይመርጣል፤ አንድ ሜዳ ላይ ከመፎካከር ሜዳውን መለያየት ይቀላልና።

እንግዲህ ጠያቂዋ የጻፈችውን መልሳችሁ አንብቡት። አባት ወዳጃ የሚቀመጥ፣ መውሊድ የሚወጣ፣ የክርስቲያን አማቶቹን የሚያስተናግድ የድሮ ወሎዬ ሙስሊም ነው። ሁለተኛው ልጅ ከዚህ ወደ አንድ ጎን ወጣ፤ የመጀመሪያው ደግሞ እሱ በወጣ ማግሥት ወደ ሌላው ጎን ወጣ። ታናሹ ባይጠመቅ ኖሮ ታላቁ ዛሬም ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሦስተኛውን ቡና ይጠብቅ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ተለወጠ የሚባለው ታናሹ ብቻ መሆኑ ግን ታላቁን ከመጠየቅ አድኖታል።

አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ሁለተኛው ከአምባሰል ሲመጣ ታላቁ እንዴት ተቀበለው?

የሸዋ በሯ፦

ስለ ሁላችሁም መልስ አመሰግናለሁ። ያኔ እኔ ሕፃን ነበርሁ፤ የማውቀው እናቴ ከነገረችኝ ነው። ሁለተኛው ወንድሜ አምባሰል ሳለ አያቴ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ይዛው ትወጣ ነበር፤ እዚያ በአንድ ስም፣ ደሴ በሌላ ስም ነበር የሚጠራው። ደሴ እንደመጣ ቁርኣን እንዲቀራ (ማንበብ እንዲማር) ተላከ፤ ከእሱ የሚያንሱት ልጆች ሲቀሩ እሱ ፊደሉን ስለማያውቅ ይስቁበት ነበር። አባቴ ለታላቁ «አስቀራው» ብሎ አዘዘው። ታላቁም ማታ ማታ በፋኖስ ያስቀራው ነበር፤ ሲሳሳት እጁን በአርጩሜ ይመታዋል። ሁለተኛው ስለዚያ ዘመን ሲያወራ የሚያነሣው አርጩሜውን ብቻ ነው። ታላቁ የሚያነሣው ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፤ ሁለተኛው በአስኳላው አንደኛ እየወጣ አባቴ ካርዱን ለወዳጃ እንግዶች ሁሉ በየተራ ሲያሳይ፣ ታላቁ ያንኑ እንግዳ ቡና እያደለ ያሳልፍ ነበር።

መምህር ለጠየቁኝ፣ ከትምህርት የወጣው በፈቃዱ አይደለም። አባቴ ታሞ ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው። ሲድን ይመለሳል ተብሎ ነበር፤ አልተመለሰም።

ሁለቱን ለየብቻ ስሰማቸው ደግሞ የሚገርመኝ አንድ ዓይነት ቅሬታ ማንሣታቸው ነው። ታላቁ «እኔን ሱቅ ላይ ረሱኝና እሱን አስተማሩት» ይላል። ሁለተኛው «እኔን ለአያቴ ሰጥተው እሱን አስቀሩት» ይላል። እያንዳንዱ የተመረጠው ሌላኛው እንደሆነ ያምናል።

ስሜን የለወጥሁት፦

እኔም ወሎ ተወልጄ ሃይማኖቴን የለወጥሁ ሰው ነኝ፤ ከየት ወደ የት እንደሆነ አልናገርም፤ በሁለቱም አቅጣጫ የሄዱ ሰዎች የሚደርስባቸው አንድ ነው። የአማካሪዋን ጽሑፍ በአክብሮት አንብቤ አንድ ቅሬታ አለኝ። ሰው ዕድሜ ልኩን ሲያስብበት፣ ሲያነብ፣ ሲጸልይ ኖሮ የያዘውን እምነት «ከወንድሙ ለመለየት ነው» ብሎ መግለጽ ያሳምማል። የእኔ ታላቅ ወንድምም እንዲሁ ብሎኛል፤ «እኔን ለማናደድ ነው የሄድኸው» አለኝ። እኔ ስሄድ እሱ በሐሳቤ አልነበረም። ይህ ልጅ አያቱ ጀርባ ላይ ሆኖ ግሸን ሲወጣ ያደገ ነው፤ ወደ አዲስ ነገር ሄደ ከምትሉ ወደ ልጅነቱ ተመለሰ ብትሉ አይሻልም?

ማዕተቡን ከሸሚዙ በላይ ያወጣበት ሰዓት ግን ሌላ ነው። ያ ለወንድሙ የተነገረ ንግግር ነበር። እምነቱ የራሱ ነው፤ እምነቱን በወንድሙ ፊት የሚይዝበት መንገድ ግን የድሮውን አርጩሜ ሳያስታውስ አልቀረም።

አማካሪዋ ከኮምቦልቻ፦

ልዩነቱን በጥሩ ሁኔታ አስቀምጠውታል፤ እቀበለዋለሁ። ያው ልዩነት ለታላቁም እንዲሠራ እጠይቃለሁ፦ የዲን ትጋቱ የራሱ ሊሆን ይችላል፤ ድስቱን ማውረዱ ግን ለወንድሙ የተነገረ ንግግር ነው።

የዳናው ደረሳ፦

ታላቁ ወንድም የዲን ቃል ስለጠቀሰ በዚያው በዲኑ ላስረዳ። በብዙኃኑ የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ዘንድ ሙስሊምና ሙስሊም ያልሆነ ሰው አይወራረሱም፤ በዚህ ታላቁ የተናገረው እውነት ነው። ነገር ግን ያላነሣቸው ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አባትየው ወራሽ ላልሆነ ሰው እስከ ንብረቱ ሲሶ ድረስ በወሲያ ሊናዘዝ ይችላል፤ ስለዚህ የጠፋ ልጅ ነው ብሎ ባዶ እጁን መስደድ ዲኑ የሚያስገድደው አይደለም። ሁለተኛ፣ ውርስ የሚባለው ከሞት በኋላ ነው፤ አባት በሕይወቱ የሚሰጠው ሌላ መዝገብ ነው። በዚህ ላይ የታወቀ ሐዲስ አለ፦ የኑዕማን ኢብን በሺር አባት ለአንድ ልጁ ለብቻው ስጦታ ሰጥቶ ነቢዩን ምስክር ሊያደርግ ቢመጣ፣ ለሌሎቹም እንዲሁ ሰጥተህ እንደሆነ ብለው ጠይቀው፣ አልሰጠሁም ሲል አልመሰክርም ብለው መልሰውታል። ሦስተኛ፣ ወላጅን ማክበር ግዴታ ነው፤ በአባት ቤት የአባትን ድስት ማውረድ በየትኛው ኪታብ እንደሚገኝ ታላቁ ወንድም ቢያሳየኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ወዳጃው ያለው ክርክር በሊቃውንት መካከል ያለ ክርክር ነውና እዚህ አልገባበትም።

ጠበቃው፦

ከሕግ አኳያ ጉዳዩ በዚህ ክር ከተነገረው የተለየ መልክ አለው።

በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34 ንኡስ አንቀጽ 5 መሠረት የቤተሰብና የግል ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ ሊዳኝ የሚችለው ተከራካሪዎቹ ሲፈቅዱ ነው። ሁለተኛው ወንድም በሸሪዓ ፍርድ ቤት ለመዳኘት ካልፈቀደ ጉዳዩ የሚሄደው ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የሚሠራበት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 842 ልጆች የመጀመሪያ ወራሾች መሆናቸውንና እኩል እንደሚካፈሉ ይደነግጋል። ሃይማኖት መለወጥ በራሱ ከወራሽነት አያወጣም። አባት ልጁን በኑዛዜ ሊነቅል ቢፈልግ ምክንያቱን በግልጽ መጻፍ አለበት፤ ዝም ብሎ «አይወርስም» ማለት አይበቃም። ኑዛዜውም በግልጽ የሚደረግ ከሆነ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና ይህም መጻፍ፣ መፈረምም ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሁላችሁም «የአባት ቤት፣ የአባት ሱቅ» እያላችሁ ትጽፋላችሁ። በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ቤቱ የተሠራው እናታችሁ ከገባች በኋላ ከሆነ፣ ግማሹ አሁኑኑ፣ ማንም ሳይሞት፣ የእናታችሁ ነው። አባታችሁ ሊናዘዙ ወይም ሊሰጡ የሚችሉት የራሳቸውን ግማሽ ብቻ ነው። እናትየውን የጠየቀ ሰው አለ?

ከሐይቅ ዳር፦

ጠበቃው ካነሣው አይቀር እኔም ልናገር። በዚህ ቤት መጀመሪያ ሃይማኖቷን የለወጠችው እናትየዋ ናት፤ ስሟን፣ ጾሟን፣ የምትቀበርበትን ቦታ ሳይቀር ለውጣ ገባች። ለእሷ ሲሆን ትዳር ተባለ፤ ለልጇ ሲሆን ክህደት ተባለ። ሽሮዋ ከምድጃ ሲወርድ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ ከሁሉ በላይ የምታውቀው ራሷ ናት።

ለጠያቂዋ ግን ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ ደፋር አትበዪኝ። ከላይ እስከ ታች የጻፍሽውን አነበብሁ፤ ስለ ታላቁ ድርሻ ጽፈሻል፣ ስለ ሁለተኛው ድርሻ ጽፈሻል። አንቺስ? የአባትሽን መድኃኒት የሚገዛው፣ እናትሽ ስትታመም ሆስፒታል ያደረው ማነው? ታላቁ በሚለው መንገድ ከተሄደ የአንቺ ድርሻ የወንድ ግማሽ ነው፤ ሁለተኛው በሚለው መንገድ ከተሄደ እኩል ነው። ስለዚህ አንቺ በመካከል የቆምሽ ዳኛ አይደለሽም፤ ባለጉዳይ ነሽ።

የሸዋ በሯ፦

ከሐይቅ ዳር ለጻፍሽው እህቴ፦ ሆስፒታል የማደሩም የመድኃኒቱም ነገር እንዳልሽው በእኔ ላይ ነው። ስለ ድርሻዬ ያልጻፍሁት ስላላሰብሁበት አይደለም። እኔ የእኔን ካነሣሁ ሁለቱም «ይኸው፣ አንቺም ለንብረት ነው» ብለው ማስታረቄን እንደሚያቆሙብኝ ስለማውቅ ነው። በቤታችን የእኔ ቦታ ይህ ነው፤ ሁለቱ ሲኳረፉ መልእክት የማመላልሰው እኔ ነኝ። ታላቁ በሃይማኖቱ፣ ሁለተኛው በትምህርቱ ይታወቃሉ፤ እኔ በማስታረቅ እታወቃለሁ። አማካሪዋ ሜዳ መለያየት ያለችው ይህንንም ይጨምር እንደሆነ እንጃ።

እናቴን ዛሬ ጠየቅኋት። ቤቱ የተሠራው እሷ ከገባች በኋላ ነው፤ የመጀመሪያውን የመሠረት ድንጋይ የገዙትም የእሷ አባት አምባሰል ከሰጧት በሬ ሽያጭ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ከእኛ ከሦስታችን አንዳችንም አናውቅም ነበር።

የጦሳ ሥር፦

የእርግማኑን ሐሳብ ትቼዋለሁ። እንዲህ ከሆነማ መጠራት ያለባቸው የእናትየው ወንድሞችም ጭምር ናቸው። ሽማግሌ ሲቀመጥ ከሰፈራችሁ ከሸዋ በር ብቻ አይምጣ፤ ከአምባሰልም ይምጣ፤ ከቅሬያችሁም (ከሰፈር መረዳጃችሁ) አንድ ሰው ይኑር።

የሸዋ በሯ፦

ለተከታተላችሁ ሁሉ የሆነውን ልንገራችሁ። እናቴ ባለችበት አባቴን፣ ሁለቱንም ወንድሞቼን በስልክም በአካልም አንድ ላይ አገናኘሁና የቤቱ ግማሽ የእናታችን መሆኑን፣ ከአባታችን ግማሽም እኔ እንደ ልጅ እኩል እንደምጠይቅ ተናገርሁ። አባቴ ዝም ብሎ አዳመጠ። ታላቁ «ይህን ያስተማረሽ ያ ጠበቃው ነው» ብሎ በወንድሙ አመካኘ። ሁለተኛው ከአዲስ አበባ «እኔ እንዲህ አላልሁም፤ ያንቺን እኔና ጋሼ እናየዋለን፣ አንቺ ባል አለሽ» አለኝ። ታላቁም «እውነቱን ነው» አለ። የሰደቃው ዕለት ከሆነው ወዲህ ሁለቱ በአንድ ነገር ሲስማሙ የሰማኋቸው ይህን ሲናገሩ ነው። እናቴ ሳቀች። እኔ መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ፤ ጥያቄዬን ግን አልተውሁትም።

አባቴ ኑዛዜውን ለማስጻፍ ፈቅዷል። የሚናዘዘው ስለ ራሱ ግማሽ ብቻ እንደሆነም ተረድቷል።

ጠበቃው፦

ደግ አደረጋችሁ። አባታችሁ አእምሯቸው ጥርት ባለበት ቀን፣ ከማንኛችሁም ተጽዕኖ ውጭ፣ ራሳቸው በቃላቸው እየተናገሩ ይጻፍ። አራቱ ምስክሮች ከልጆቹ ወገን ባይሆኑ ይመረጣል። ከመጻፉ በፊት የጋብቻ ማስረጃና የቤቱ የይዞታ ማረጋገጫ ይቅረብ፤ የእናታችሁ ግማሽ በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይጠቀስ። ታላቅሽ ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ቢል፣ ከመፈረምሽ በፊት ፈቃድሽ የሚጠየቀው አንቺም እንደሆንሽ አስታውሺ።

ከሐይቅ ዳር፦

ሁለቱ በአንቺ ላይ ስለተስማሙ ደግሞ ለሽምግልናው ቀን እንዲሁ ተስማምተው እንዲመጡ አድርጊ። ምስክር ከፈለግሽ የአምባሰሎቹ አጎቶችሽ ይመጣሉ፤ ለእነሱ የሚሆነውን ድስት ግን እናትሽ ትጣደው፤ ያንን ማንም አያውርድ።